ኤልክን ከአደን ወቅት በፊት መፈለግ፦ የኮሎራዶን ጫካ በእግር ማወቅ

ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የሚባለው ትልቅ ባለ ቀንድ የዱር እንስሳ 280,000 ገደማ አለ። በሰሜን አሜሪካ ይህን ያህል ያለው ሌላ ግዛት የለም። ያም ሆኖ በየዓመቱ ከሚወጡት አዳኞች ከአምስቱ አራቱ ያህል ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እንስሳው ስላነሰ አይደለም። አብዛኛው ሰው ጫካውን የሚተዋወቀው የአደኑ ዕለት ጠዋት ስለሆነ ነው።

እኔም የመጀመሪያው ዓመት እንደዚያው ነበርኩ። ከኦሮራ ተነስቼ አራት ሰዓት ያህል ነዳሁና ፍላት ቶፕስ የሚባለው ተራራማ ደን ደረስኩ። አምስት ቀን ሙሉ ዞርኩ። ያየሁት የሌሎች አዳኞችን ብርቱካናማ ቆብ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያገኘሁትን ቅዳሜና እሁድ ሁሉ እዚያው ጋራ ላይ አሳልፋለሁ። ጠመንጃ አልይዝም። የምይዘው ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነፅር፣ ደብተርና በሶ ነው። ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ ያላችሁ፣ ማደን የምትፈልጉ ግን ከየት እንደሚጀመር ግራ የገባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ወራቱንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ኤልክን «አጋዘን» እያልን እንጠራዋለን። እንስሳቱ ግን ይለያያሉ። ባሌ ውስጥ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የሚታየው የደጋ አጋዘን ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። የኤልክ ቀንድ ግን በየዓመቱ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። ሐምሌ ላይ ስታዩት ለስላሳ ፀጉራም ቆዳ ለብሷል። ነሐሴ ላይ ቆዳውን በዛፍ እየፈተገ ይጥለዋል። ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሴቷ ደግሞ 220 ኪሎ ገደማ። ይህን የሚያክል እንስሳ ጫካ ውስጥ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆሞ ላታዩት ትችላላችሁ።

1. ፈቃዱንና ወቅቱን ቁረጡ

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው እዚህ ለማደን የአዳኝነት ትምህርት ካርድ ሊኖረው ይገባል። ኮርሱን ቀደም ብላችሁ ጨርሱት። የዕጣ ፈቃዶች ማመልከቻ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ዕጣ ያልወጣለት የግዛቱ ነዋሪም ተስፋ አይቆርጥም። በብዙ ቀጣናዎች ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት የወንድ ኤልክ ፈቃድ ያለ ዕጣ ይሸጣል። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚነካካ የኮሎራዶ ፓርኮችና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የዓመቱን መጽሔት ከፊት እስከ ኋላ አንብቡት።

ወቅቱን መጀመሪያ መቁረጥ የሚያስፈልገው ኤልክ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ስለማይቀመጥ ነው። ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ነሐሴ ላይ፣ ከዛፍ መስመር በላይ ባለች ጎድጓዳ ሣር ላይ 14 ኤልክ ቆጠርኩ። ከመካከላቸው ሦስቱ ትልልቅ ወንዶች ነበሩ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስመለስ ጎድጓዳዋን በረዶ ሸፍኗታል። ትኩስ ዱካ የሚባል ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበጋ (የእዚህ አገር በጋ ሐምሌና ነሐሴ ነው) ኤልኮች ነፋሻና ለምለም ወደሆነው ከፍታ ይወጣሉ። እዚያ ዛፍ የሚያበቃው 3,400 ሜትር አካባቢ ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባሉት ቀናት ስሪያው ይግላል፤ ወንዶቹ ሴቶቹ ያሉበትን መንጋ ይከተላሉ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወንዱ ደክሟል፣ ከስቷል። ሰው ወደማይደርስበት ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ይገባል። ከዚያ ጥላ ብዙ ሳይርቅ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። በረዶው ሲከብድ ደግሞ ሁሉም ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ የነሐሴው ፍለጋ ዓላማ «ኤልክ የት አየሁ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ከዚህ ሲነሳ የት ይሄዳል? በየት በኩል?» የሚለው ነው።

2. ጠረጴዛ ላይ ሥሩ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሳታቃጥሉ ግማሹን ሥራ መጨረስ ይቻላል። መሥሪያ ቤቱ የአዳኞች አትላስ የሚባል ነፃ ካርታ በድረ ገጹ ላይ አለው። ኤልክ በበጋ የሚሰበሰብበትን፣ በክረምት የሚወርድበትንና የሚሻገርበትን መንገድ በቀለም ያሳያል። በዚያ ላይ ጉግል ኧርዝን ወይም ኦንኤክስ የሚባለውን የካርታ መተግበሪያ ክፈቱ። ኦንኤክስ በክፍያ ነው፤ ግን የግልና የመንግሥት መሬትን ድንበር ስለሚለይ ዋጋው ያንሰዋል እላለሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ባለመሬቱ ምልክት ባይተክል እንኳ ያለ ፈቃድ ገብቶ ማደን ወንጀል ነው። «አጥር አላየሁም» ማለት አያድንም።

ካርታው ላይ የምፈልጋቸው አምስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ወደ ሰሜን የዞረ ጥቅጥቅ ያለ ተዳፋት ነው። ፀሐይ ስለማያገኘው ቀዝቃዛ ነው፤ ኤልክ ቀኑን የሚተኛው እዚያ ነው። ሁለተኛው በዚያ ተዳፋት መሐል ያለች ደልዳላ ደረጃ ናት። በካርታው ላይ የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ሲወርዱ በድንገት ራቅ ራቅ ይላሉ፤ ደረጃዋ እሷ ናት። ሦስተኛው ከዚያ ጥላ አንድ ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት ያለ ትንሽ ጨፌ ነው። ትልቁን መስክ ሁሉም ሰው ያየዋል። ትንሿን ጨፌ ነው መፈለግ። አራተኛው ውሃ ነው። አምስተኛው በሁለት ጋራ መካከል ያለ ዝቅታ፣ እኛ «በር» የምንለው ነው። ጣርማ በርን የምታውቁ ይገባችኋል። ሰውም ከብትም ጋራ የሚሻገረው በዝቅታው ነው። ኤልክም እንደዚሁ።

የተቃጠለ ደን ካለም አትለፉት። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍላት ቶፕስ ውስጥ ትራፐርስ ሐይቅ ዙሪያ ትልቅ እሳት ተነስቶ ነበር። ደን ሲነድ መሬቱ ብርሃን ያገኛል፣ ሣርና ቁጥቋጦ ይበቅልበታል። ለኤልክ ይህ ማዕድ ነው። ለእናንተ ግን ቆሞ የደረቀው ግንድ አደጋ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ይወድቃል። ድንኳን ከሥሩ አትትከሉ።

ቀጥሎ ሰውን አስቡ። የደን አገልግሎቱ መኪና የሚፈቀድባቸውን መንገዶች የሚያሳይ ነፃ ካርታ አለው። ከእያንዳንዱ መንገድ ግራና ቀኝ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል አጥቁሩት። አብዛኛው አዳኝ እዚያ ውስጥ ነው የሚውለው። ከጥቁሩ ውጪ የቀረውን ተመልከቱ። በተጨማሪ ጥቁሩ ውስጥ ሆነው ሰው የሚንቃቸውን ቦታዎች ፈልጉ፤ ከመንገዱ ሥር ያለች ቁልቁል ገደላማ ጉድጓድ፣ ሁለት ማቆሚያዎች መሐል የተረሳች ተረተር። እኔ ካየኋቸው ወንዶች ሁለቱ ከመንገድ 800 ሜትር እንኳ አይርቁም ነበር። ግን ወደ እነሱ የሚወስደው ቁልቁለት ጉልበት ያንቀጠቅጣል።

ከዚህ ሁሉ አምስት ቦታ ምረጡ። አንድ ቦታ ብቻ ይዞ መሄድ ቁማር ነው። ሥራችሁን ስትጨርሱ ለአካባቢው ቅርንጫፍ ደውሉ። የዱር እንስሳት ባለሙያዎቹ አዳኝ ሲጠይቃቸው ደስ ብሏቸው ይመልሳሉ። «ኤልክ የት አለ?» አትበሉ። «በዚህ ቀጣና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከዚህ ተረተር በስተሰሜን ይቆያል ወይስ ወርዷል?» በሉ። የተዘጋጀ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ያመጣል።

3. ሰውነትና ጓዝ

ኦሮራ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ በጣም ዝቅ ትላለች። ስለዚህ «እኔ የደጋ ሰው ነኝ» ማለት አይሠራም፤ እዚህ ከኖራችሁ ሳንባችሁ የእዚህ ሆኗል። ከሰኔ ጀምሮ 15 ኪሎ ተሸክማችሁ ዳገት ውጡ። ጫማውን ቀድማችሁ አለማምዱት።

ጓዙ ብዙ አይደለም። 10 በ42 የሚባለው መነፅርና ለእሱ የሚሆን ቀላል ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የዝናብ ልብስ፣ የራስ መብራት፣ ካርታውን ያወረዳችሁበት ስልክና ተጨማሪ ባትሪ። ኔትወርክ የለም። የሳተላይት መልእክት መላኪያ ግዙ ወይም ተከራዩ። የት እንደምትገቡና መቼ እንደምትመለሱ ለቤተሰብ በጽሑፍ ተዉ።

ፍለጋው የሚሞቀው ፍልሰታ ላይ ነው። የምትጾሙ ሰዎች በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ፤ ለዚህ ሥራ ከእነሱ የተሻለ ስንቅ አላውቅም። ግን ውሃ ሳይጠጡ እስከ 9 ሰዓት 3,300 ሜትር ላይ መውጣት ከባድ ነው፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ይጥላል። ያን ሳምንት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ወይ ደግሞ ከፍልሰታ በፊት ወይም በኋላ ውጡ።

መብረቁን አደራ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ያታልላል። እኔ 6 ሰዓት ሳይሞላ ከዛፍ መስመር በታች እወርዳለሁ፤ ኤልክ እያየሁም ቢሆን። ከአውሬ በኩል እዚህ ጥቁር ድብ አለ፤ ምግባችሁን ከድንኳን አርቁ። ከድቡ ይልቅ እኔ የምጠነቀቀው ሙስ የሚባለውን፣ ከኤልክ የሚተልቀውን ዘመዱን ነው። ግልገል የያዘች ሙስ ካያችሁ ዞራችሁ ሂዱ።

4. ከሩቅ ተመልከቱ

የመጀመሪያ ጉዟችሁ ላይ ጫካው ውስጥ አትግቡ። ይህን ብዙ ሰው አይሰማም። ከፊት ለፊት ባለው ጋራ ላይ ተቀምጣችሁ ማየት እየቻላችሁ ለምን ቤታቸው ገብታችሁ ታስደነግጧቸዋላችሁ?

ፀሐይ ከመውጣቷ ከአንድ ሰዓት በፊት መቀመጫችሁ ላይ ሁኑ። 12 ሰዓት አካባቢ ብርሃን ሲመጣ ኤልኮቹ ገና ሣር ላይ ናቸው። 3 ሰዓት ሲሆን ብዙዎቹ ጥላ ገብተዋል። ማታም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይወጣሉ። ከእነዚህ ውጪ ያለው ሰዓት ለመነፅር ብዙም አይሆንም።

መነፅሩን በእጅ ይዞ ወዲያ ወዲህ ማለት አይጠቅምም። ማቆሚያው ላይ አድርጉት። ጋራውን እንደ ማሳ በትልም ከፋፍሉት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። አንዱን ትልም ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትዝለሉ። ሙሉ ኤልክ አትፈልጉ። ፈዛዛ ቢጫ ቂጥ፣ ጠቆር ያለ አንገት፣ ቀጥ ብለው ከቆሙ ግንዶች መሐል አግድም የተጋደመ ጀርባ፣ የሚርገበገብ ጆሮ ፈልጉ። አንድ ሴት ካገኛችሁ ከእሷ ላይ መነፅሩን ሳታነሱ አሥር ደቂቃ ቆዩ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ።

ስታገኟቸው ሦስት ነገር ጻፉ፤ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና በየት በኩል ጥላ እንደገቡ። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ገብተው የጠፉበት ስንጥቅ በየቀኑ የሚሄዱበት መንገድ ነው።

በድሮን መፈለግ ኮሎራዶ ውስጥ ክልክል ነው። የምትተክሉትም ካሜራ በሚሞሪ ካርድ የሚሠራው ይሁን፤ ፎቶውን በስልክ መስመር የሚልከው ገደብ አለበት። እኔ ሁለት ካሜራ አለኝ። አንዱን በር ላይ፣ ሌላውን ውሃ ላይ እተክላለሁ። በየሳምንቱ እየሄዳችሁ ካርድ ከቀየራችሁ ግን ሽታችሁን እየዘራችሁ ነው። ሐምሌ ላይ ተክሉ፣ መስከረም ላይ አንሱ።

5. አሁን ግቡና መሬቱን አንብቡ

ከሩቅ ካያችሁ በኋላ አንድ ቀን መርጣችሁ ግቡ። እኩለ ቀን ላይ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጋችሁ። መኝታ ነው ብላችሁ የጠረጠራችሁት ጥቅጥቅ ያለ ጥላ መሐል አትዝለቁ፤ ዳር ዳሩን ብቻ።

እዚህ ላይ ከብት ያገደ ሰው ከሁላችንም ይበልጣል። ከሦስት ዓመት በፊት አርሲ ተወልደው ያደጉ አንድ አባት አብረውኝ ወጡ። ልጅነታቸው በእረኝነት ነው ያለፈው። ጋሼ ነው የምላቸው። ጨፌ ዳር ጭቃ ላይ ዱካ አየሁና ደስ ብሎኝ ጠራኋቸው። ቁጢጥ አሉ፣ ጣታቸውን አስገቡ።

«ልጄ፣ ይሄ የከብት ነው» አሉኝ። «ክብ ነው፣ ጫፉ ደነዝ ነው። ደግሞ እየው፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ቆም ይላል፣ ይመለሳል። የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም።»

እውነታቸውን ነበር። በበጋ ከብት እዚህ የመንግሥት ደን ውስጥ ይሰማራል፤ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሁለት መቶ እርምጃ ሄድንና ሌላ ዱካ አገኙ። ርዝመቱ ከመዳፌ ስፋት ጥቂት በለጥ ይላል፣ 10 ወይም 11 ሳንቲ ሜትር። ከከብቱ ጠበብ ይላል፣ ጫፉ ላይ ሾል ይላል። አንዱ የአንዱን ኮቴ እየረገጠ ተከታትሎ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ይወጣል። «ይሄኛው የሚሄድበትን ያውቃል» አሉ ጋሼ። እኔ መጽሐፍ አንብቤ ያልገባኝ ያኔ ገባኝ።

መለኪያችሁ ይህ ይሁን። 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሹል ከሆነ ትንሹ አጋዘን ነው፣ ሚዩል ዲር የሚሉት። 14 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሹል ከሆነ ሙስ ነው። ዱካው አዲስ ይሁን አሮጌ ጠርዙ ይናገራል። አዲሱ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ውስጡ ያብረቀርቃል። ነፋስና ፀሐይ ሲያገኘው ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ቅጠልና መርፌ መሰል የጥድ ቅጠል ይወድቅበታል። ዝናብ የዘነበበትን ቀን ካወቃችሁ ደግሞ ሂሳቡ ቀላል ነው።

ኩሱም እንዲሁ። በበጋ ለምለም ስለሚበላ ልል ነው፣ ትንሽ እበት ይመስላል። ሣሩ ሲደርቅ እንደ ፍየል ኩስ ጠጠር ጠጠር ይላል፤ ከፍየሉ ግን ይተልቃል፣ አንዱ ፍሬ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በእንጨት ስበሩት። ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ የዛሬ ወይም የትናንት ነው። ከላይ ቅርፊት ይዞ ውስጡ ከጠቆረ ሰንብቷል። ነጣ ካለ እለፉት። ሌላው አፍንጫችሁ ነው። ኤልክ የተኛበት ቦታ የከብት በረት ይሸታል። እርጥብ ነፋስ ሲመጣ ከሃምሳ እርምጃ ይደርሳል። ሽታው ሲመጣ ቁሙ፤ ምናልባት አሁንም እዚያው ናቸው።

መኝታው ሞላላ ጎድጓዳ ነው፣ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ሣሩ ተጋድሟል፣ ፀጉር ይገኝበታል። ትልቅና ትንሽ ሆነው ብዙ መኝታዎች ከተጠጋጉ እናቶችና ግልገሎች ናቸው። አንድ ትልቅ መኝታ ለብቻው ደረጃዋ ጫፍ ላይ፣ ከኋላው ተረተር ከፊቱ ቁልቁል አድርጎ ካገኛችሁ ደብተራችሁ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሩበት። ወንድ ነው፤ ከኋላው የሚመጣውን በአፍንጫ፣ ከፊቱ የሚመጣውን በዓይን እየጠበቀ ነው የሚተኛው።

ቀንዱን የፈተገበት ዛፍ ከሩቅ ይታያል። ቅርፊቱ ተልጧል፣ ቅርንጫፎቹ ተሰብረዋል። ልጣጩ እስከ ደረታችሁ ከደረሰ ኤልክ ነው፤ ጉልበት አካባቢ ከቀረ ትንሹ አጋዘን ነው። ሙጫው የሚጣበቅ ከሆነ የዘንድሮ ነው። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አስፐን በሚባለው ነጭ ዛፍ ላይ ጥቁር የጥርስ ጠባሳ ብዙ ካያችሁ ያ የክረምት ማዕድ ነው፤ በረዶ ሲጥል ቅርፊቱን ይበላሉ። ጥቅምት ላይ እዚያ መኖራቸውን አያረጋግጥም። የወደቀ ቀንድም እንዲሁ መጋቢት ላይ የት እንደነበሩ ነው የሚነግራችሁ።

በጥላ ውስጥ ያለ የጭቃ ኩሬ ካገኛችሁ ቀስ በሉ። ወንዱ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ሽንቱን ይሸናበትና ይንከባለልበታል። ሽታው ይሰነፍጣል። ዙሪያው ያሉ ዛፎች ጭቃ ተለቅልቀው ከሆነና ውሃው ገና ካልጠራ፣ ከእናንተ በፊት የወጣው ብዙም አልራቀም።

በጣም የከሳ፣ ምራቁ የሚዝረከረክ፣ ሰው የማይፈራ እንስሳ ካያችሁ አትጠጉት። አእምሮን የሚበላ በሽታ እዚህ ግዛት ውስጥ አለ። ቦታውን መዝግባችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ደውሉ።

6. ነፋሱን ካርታ ላይ ጻፉት

ኤልክ ያየውን ሊጠራጠር ይችላል። የሰማውን ቆሞ ሊያዳምጥ ይችላል። የሸተተውን ግን አይጠራጠርም፤ ይሄዳል። አንድ ማታ ጨፌ በላይ ተቀምጬ 20 ያህል ሴቶችና አንድ ወንድ እያየሁ ነበር። ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ፊቴን ይመታኛል። ፀሐይዋ ከተረተሩ ጀርባ ገባች። ማጅራቴ ቀዘቀዘኝ። ያን ቅዝቃዜ ልብ አላልኩትም። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሁሉም ራስ በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ከዚያ ጨፌው ባዶ ሆነ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል። ጥላ ሲያርፍበት ይቀዘቅዝና እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ሌሊቱንም ይወርዳል። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ነክታ እስክታሞቀው ድረስ፣ ብዙ ጊዜ እስከ 3 ወይም 4 ሰዓት፣ መውረዱን አያቆምም። ስለዚህ ጠዋት ከላይ ሆናችሁ ብትጠብቁ ሽታችሁ ወደ እነሱ ይወርዳል። ማታ ደግሞ መጀመሪያ ከላይ መሆን ደህና ይመስላል፤ ጥላው እንደደረሰ ግን እኔ ላይ የሆነው ይሆናል።

ትንሽ የሚጨመቅ ጠርሙስ ውስጥ የሕፃን ፓውደር ጨምሩ፤ ሽታ የሌለው ይሁን። እያንዳንዱ የመረጣችሁት ቦታ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ጭስ አድርጉና ወዴት እንደሄደ ጻፉ። ሸለቆዎች በሚገናኙበት ቦታ ነፋሱ ይሽከረከራል፤ ዱካ ሞልቶ ቢሆንም እዚያ አትቀመጡ። ሁለት የተለያየ ቀን ብትሞክሩት ይሻላል፤ ደመና ያለበት ቀን ከጠራው ቀን ይለያል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት መግቢያ ምረጡ፤ አንዱ ለጠዋት፣ ሌላው ለማታ። ፍለጋው ላይ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ዱካውን ትተህ ነፋሱን ጻፍ እለዋለሁ።

7. መስከረም ላይ አዳምጡ

ጥቅምት የምታድኑ ብትሆኑም መስከረም ላይ አንድ ሌሊት ውጡ። ወንዱ ይጮኻል። ድምፁ ከታች ጎርነን ብሎ ይነሳል፣ እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደ እምቢልታ ይዘልቅና በማጉረምረም ይበጠሳል። መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጫካ መግባት አያስፈልግም። መኪናችሁን መንገድ ዳር አቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ሃያ ደቂቃ ዝም በሉ። ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ድገሙት። አቅጣጫውን በኮምፓስ ይዛችሁ ካርታው ላይ መስመር አስምሩ። ከሁለት ቦታ የተሰመሩት መስመሮች የሚገናኙበት ላይ መንጋው አለ። በዚያ ሰሞን የቀስት አዳኞች ጫካ ውስጥ ናቸው፤ አድፍጠው የሚጠብቁበትን አትረብሹ፣ በቀን ከገባችሁም ደማቅ ልብስ ልበሱ። የጠመንጃ ወቅት ሲመጣ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ደማቅ ልብስና ቆብ ግዴታ ነው።

ወንዶቹን ስታዩ ቀንዳቸውን መቁጠር ተለማመዱ። በአብዛኛው ቀጣና የሚፈቀደው በአንዱ ቀንዱ ላይ ቢያንስ አራት ጫፍ ያለው ወይም ከግንባሩ በላይ የሚወጣው ጫፍ 5 ኢንች የሞላ ወንድ ነው። ያን ዕለት እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ነው የምትቆጥሩት።

8. ሥጋው በየት ይወጣል?

ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው ኤልኩ ከወደቀ በኋላ ነው። ከአንድ ትልቅ ወንድ አጥንቱ ወጥቶ እንኳ 80 ኪሎና ከዚያ በላይ ሥጋ ይገኛል። ሕጉ አራቱን ብልቶች፣ የጀርባውንና የውስጡን ለስላሳ ሥጋ በሙሉ እንድታወጡ ያስገድዳል። ለአንድ ሰው አራት ምልልስ ነው። ከመኪና አምስት ኪሎ ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ዊልደርነስ ተብሎ፣ ማለትም ሰው ሳይነካው እንዲቆይ በተከለለው የደን ክፍል ውስጥ መኪናም፣ ሳይክልም፣ ጎማ ያለው ጋሪም አይፈቀድም።

ስለዚህ በነሐሴ ጉዟችሁ ላይ መውጫውን በእግራችሁ ሂዱበት። ቦርሳችሁ ውስጥ 25 ኪሎ ውሃ ጭናችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ውጡበት። የወደቀ ግንድ መንገዱን የሚዘጋ ከሆነ፣ ወንዙ ማታ የሚሞላ ከሆነ፣ ጉልበታችሁ የማይችለው ቁልቁለት ካለ ያኔ ታውቁታላችሁ። እኔ በዚህ ፈተና ሁለት ቦታ ሰርዣለሁ፤ ሁለቱም ኤልክ ነበረባቸው። ሥጋው የሚሰቀልበት ጥላ ያለው ዛፍም ምረጡ። ከቀዘቀዘ ይቆያል፤ ቆዳው ካልተገፈፈለት አጥንቱ ሥር ይበላሻል።

እግረ መንገዴን፣ የመብላቱን ጉዳይም አስቀድማችሁ ጨርሱት። ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል። በጥይት ስለመታደኑ የየቤቱ ልማድ ግን ይለያያል። ካህኑን ወይም ሼኹን በስልክ መጠየቅ አምስት ደቂቃ ነው። ሰማንያ ኪሎ ሥጋ ቤት ካስገቡ በኋላ የትዳር ጓደኛ «አልበላም» ስትል መስማት ከባድ ነው።

9. ከመክፈቻው በፊት

ወቅቱ ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው ጫካውን ተዉት። እንስሳው ይረጋጋ። እናንተ ቤት ቁጭ ብላችሁ ደብተሩን ወደ አንድ ገጽ አሳጥሩት። ለእያንዳንዱ ቦታ አራት መስመር ይበቃል፤ የጠዋት መግቢያ፣ የማታ መግቢያ፣ ሲደነግጡ የሚያመልጡበት በር፣ የሥጋው መውጫ። በረዶ ከጣለ የትኛው ቦታ እንደሚሰረዝ ከጎኑ ምልክት አድርጉ። የፀሐይ መውጫ ሰዓትንም ጻፉ፤ መተኮስ የሚፈቀደው ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ። የእግር ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል፣ ላብ ማድረቂያው ሃያ ደቂቃ፣ የፓውደሩ ጭስ አምስት ደቂቃ። የማንቂያ ደወላችሁ የሚሞላው በዚያ ነው። የእኔ ባለፈው ጥቅምት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ገጹን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ቅጂውን ለባለቤቴ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩላት።